ሳህን ልንመልስ የወጣን ዕለት

ሰው ሳህን ለመመለስ ብሎ ገና ሳይነጋ ከቤቱ ሲወጣ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ያየሁት በገዛ እናቴ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ሦስት ባዶ ሳህን አስታቀፈችኝና «ዝም ብለሽ ተከተይኝ፤ አደራ እንዳትሰብሪ» አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ሚኒያፖሊስ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ ነኝ፤ ጥቁር ቀሚስ ማለት ለኔ ዘንጦ መውጣት ነበር። ደስ ብሎኝ ተከተልኳት።

ነገሩ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ፣ በፈረንጆቹ 1993 የፋሲካ ሰሞን ነው። የምንኖረው ሴዳር ሪቨርሳይድ፣ ከነዚያ ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ነበር። እትዬ ገነት ደግሞ ሃያ ሁለተኛው ላይ። እናቴ አብረኸትና እትዬ ገነት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ አንድ ግቢ ውስጥ በር ለበር ያደጉ ናቸው። የእናቴ አባት፣ አያቴ ክፍሎም፣ በወጣትነታቸው ከአስመራ መጥተው ዕድሜ ልካቸውን ጉለሌ የኖሩ መካኒክ ነበሩ፤ እትዬ ገነትም «አባባ ክፍሎም» እያለች ነው ከጉልበታቸው ሥር ያደገችው። ሁለቱ ሴቶች በሱዳን በኩል ተያይዘው ወጡ፣ ተያይዘው ሚኒሶታ ገቡ። አባቴ ገና ድክ ድክ ሳልል ዴንቨር ሄዶ ስለቀረ፣ እናቴ ሥራ ስትገባ የምትጠብቀኝ እትዬ ገነት ነበረች። ልጇ ይዲድያ እኩያዬ ነው።

በዚያ ፋሲካ እንደ ወትሮው የዶሮ ወጥ ሳህን ከቤት ቤት ሲዞር ዋለ። ለኛም ከእትዬ ገነት፣ ከእድሩ ሊቀመንበር ከጋሽ ዋለና ከእድሩ አባል ከአቶ ሆርዶፋ ቤት መጣልን። የኛ ሰው ሳህን ባዶውን አይመልስም፤ እናቴም የምትሞላበት ነገር እስክታሰናዳ ሦስቱንም አጥባ አስቀመጠቻቸው። ሳምንት ሳይሞላ የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ደረሰ። ሳህኖቹም እዚያው ቁምሳጥን ውስጥ ቀሩ።

ድምፅ የተሰጠው ሴንት ፖል፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። እናቴ ይዛኝ ሄደች። ከበሮው፣ እልልታው፣ ሹሩባ የተሠሩት ሴቶች ሁሉ አሁንም ይታዩኛል፤ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ። ለመራጩ ሰማያዊና ቀይ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሰማያዊው መለየት፣ ቀዩ አብሮ መኖር ነበር። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ስትወጣ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። «ነይ፣ ሀምበርገር ልግዛልሽ» አለችኝ። ለኔ ያ ቀን የሀምበርገር ቀን ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ስልካችን መጮህ አቆመ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሰው ከአጠገባችን ፈቀቅ ማለት ጀመረ። ጋሽ ዋለ ፓርኪንጉ ላይ ሰው ሰብስቦ «ሀገር እንደ ዳቦ ተቆረሰ! ቢላውን የያዙት ደግሞ እዚሁ መሀላችን ቁጭ ብለው ዶሮ ወጣችንን ይበላሉ!» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ቤት ስገባ የኩሽናውን መሳቢያ ከፍቼ የኛን ቢላ አየሁት። ከቲማቲም ሌላ ሲቆርጥ አይቼው አላውቅም ነበር።

እትዬ ገነት እናቴን ሰላምታ ነሳቻት። ኤሌቬተር ውስጥ ሲገናኙ ሁለቱም የፎቁን ቁጥር አንጋጠው ያነባሉ። እኔን ግን እንደ ድሮው ነበር የምትይዘኝ። «ልጅ ምን አጠፋ» ትልና ማካሮኒዬን ትከምርልኛለች፤ ከይዲድያ እኩል ነበር የምትስመኝ። ስለዚህ ወደድኳት፤ ስለዚህም ምንም ሳይገባኝ ቀረ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ገብተን ስንበላ የእትዬ ገነት ስልክ ጮኸ። ከአዲስ አበባ መሆኑን ከአጯጯኋ ዐወቅሁ። ትንሽ ካዳመጠች በኋላ እጇን ራሷ ላይ ጭና ቁጭ አለች። አመሻሹ ላይ ጋሽ ዋለና አቶ ሆርዶፋ መጡ። እኔና ይዲድያ ካርቱን እናያለን፤ እነሱ ከኋላችን ያንሾካሹካሉ።

«ላንቺ ነው የደወሉት?» አላት ጋሽ ዋለ።

«ለኔ ነው። አደራ ብለውኛል።»

«እና?»

«እና ምን? ሄዳ የመረጠቻቸው ይንገሯት!»

«ልክ ነሽ። እድሩም ንቅንቅ አይልም። ሀገር የከፈለች ሴት ቤት ገብቼ ደረቴን አልመታም።»

አቶ ሆርዶፋ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እትዬ ገነት ድንገት ዞር ስትል ዐይን ለዐይን ተጋጨን። ከረሜላ ይዛ መጥታ «ለእማማ ምንም እንዳትነግሪያት፣ እሺ የኔ ቆንጆ? እኛ እንነግራታለን» አለችኝ።

እሺ አልኳት። በዚያው ሰሞን አንድ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ለእናቷ ሰርፕራይዝ ፓርቲ አድርገው፣ ሰው ሁሉ ከሶፋ ጀርባ ተደብቆ ሲወጣባት አይቻለሁ። የእናቴ ልደት ደግሞ በግንቦት ነው። ነገሩ ፍንትው አለልኝ፤ ለእናቴ ኬክ ሊያመጡላት ነው! ጥላቻቸው ሁሉ ለማስመሰል ነበር ማለት ነው። ምስጢሬን ይዤ በየቀኑ ፊኛ ስጠብቅ ከረምኩ።

በኛ ወግ የሞት ወሬ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። ቤተሰቡ ለቅርብ ወዳጅ ይደውላል፤ ወዳጁ ሰው አሰባስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል፣ ያረዳል፣ ደግፎ ያስለቅሳል። አጎቶቼ ለእትዬ ገነት የደወሉት አያቴ ስለሞቱ ነው። ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን ወር ሁለት ወር አለመደዋወል ብርቅ ስላልነበረ፣ እህታቸው ተረድታ የምታለቅስ መስሏቸው ዝም አሉ። እዚህ ያሉትም አውቀው ዝም አሉ። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ባወቅሁ ጊዜም ደሜ ፈላ፣ እስካሁንም አልበረደም።

የኤርትራ ነጻነት በይፋ የታወጀ ዕለት ጉድፍ ይዞኝ ሃያ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ እትዬ ገነት ቤት መስኮቱ ሥር ተኝቼ ነበር። ከታች የመኪና ጡሩምባ፣ ባንዲራ፣ ክብ ሠርተው የሚጨፍሩ ሴቶች። እናቴን በነጭ ቀሚሷ ለየኋት። ስትዞር፣ ስትሽከረከር፣ እጇን ስታነሳ አየኋት፤ እንደዚያ ስትጨፍር አይቻት አላውቅም። እትዬ ገነትና ጋሽ ዋለ መስኮቱን ተደግፈው ሲያዩዋት ቆዩ። አባቷ ከተቀበሩ ገና ሦስት ሳምንት ቢሆናቸው ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከእናቴ ጋር ዕቃ ልንገዛ ሄድን። ባለሱቋ ጃለኔ የምትባል የወለጋ ልጅ ነበረች፤ የነዚህን ሰዎች ጠብ ከቁም ነገር የማትጥፍ፣ ለሁሉም እኩል የምትስቅ። እኔ አይስክሬም ፍሪጁ ጋ ሄጄ መስታወቱ ላይ ስሜን ስጽፍ ዞር ብዬ ሳይ፣ ጃለኔ ሽንኩርቱን ሚዛን ላይ ትታ፣ ቃል እንዳመለጠው ሰው አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። እናቴ ሽንኩርቷን ተቀበለች፣ አመሰገነች፣ ወጣን።

መኪናውን አላስነሳችም። ፓርኪንጉ ላይ መሪውን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ጃለኔ ምስጢሩን ያወጣችው መሰለኝና ተናደድኩ።

«ሰርፕራይዙን ነገረችሽ አይደል?» አልኳት።

«የምን ሰርፕራይዝ?»

«ፓርቲሽን ነዋ! እትዬ ገነት እንዳትነግሪያት ብላኝ ነበር። እኔ አልተናገርኩም፣ እውነቴን ነው።»

ቀስ ብላ ዞረች። «ማን ማን ነበሩ፣ መቅሊቴ?»

«እትዬ ገነት፣ ጋሽ ዋለ፣ አቶ ሆርዶፋ።»

«መቼ?»

«ጉድፍ ሳይዘኝ በፊት።»

ጉድፍ የያዘኝ እሷ የጨፈረች ዕለት ነው። ሂሳቡን ስትሠራው ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ ሳቀች። ደስ ያላት መስሎኝ እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

በማግስቱ አላለቀሰችም፤ በሳልስቱም። ሥራዋ ገባች፣ ወጣች። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ቀሰቀሰችኝና ሳህኖቹን አስታቀፈችኝ።

መጀመሪያ ሴንት ፖል፣ ጋሽ ዋለ ቤት። እናቴ በሩን ደወል እያለው በእጇ አንኳኳችው፤ ቀስ አድርጋ፣ ደጋግማ። ጋሽ ዋለ በፒጃማ ከፈተ። ጥቁሩን ቀሚስ፣ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ሲያይ መቃኑን ያዘ። ከኋላው ሚስቱ እትዬ ሩሐማ «ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!» ብላ ጩኸቷን ለቀቀችው።

«እንደምን አደራችሁ» አለች እናቴ። «ሳህናችሁን ልመልስ ነው።»

ዘረጋሁለት። ጋሽ ዋለ አልተቀበለኝም። «ማን... ማን ሞተ?»

«ማን እንዲሞት ፈልገው ነው፣ ጋሽ ዋለ? ሳህን ነው እኮ።»

እትዬ ሩሐማ ከውስጥ አሁንም ወንድሟን ታለቅሳለች። ሳህኑን ደፉ ላይ አስቀምጬ ወጣን። መኪና ውስጥ «ለምንድን ነው የሚያለቅሱት?» ስላት «ባዶውን ስለመለስነው ይሆናል» አለችኝ። አመንኳት። ባዶ ሳህን መመለስ እንዲህ የሚያስጮህ ነውር መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተማርኩት፤ ኮሌጅ ገብቼ እንኳ የሰው ሳህን ባዶውን መመለስ እፈራ ነበር። እንደዚያ የቆመ ጥቁር ልብስ በማለዳ በር ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለኔ የነገረኝ አልነበረም። ጋሽ ዋለ ለሌሎቹ ደውሎ ማስጠንቀቅ ይችል ነበር። ግን ምን ብሎ? ለምን እንደደነገጠ ሊናገር ነው?

ሁለተኛው ቤት አፕል ቫሊ ነው። አቶ ሆርዶፋ ለባብሶ፣ ነቅቶ ነበር። በሩን ከፍቶ እናቴን ከራስ እስከ እግሯ አያት። አልጮኸም፣ አልደነገጠም።

«ሳህን ልመልስ ነው» አለች።

«ገብቶኛል» አላት። «በኔ ግን አይሠራም። የሚሞትብኝ ሰው ጨርሻለሁ። ወንድሜ ናቅፋ ሲቀር የኔን በር ያንኳኳ አልነበረም። ሳልነግርሽ የቀረሁት ረስቼ አይደለም፤ ይቆጭሽ ብዬ ነው።»

እናቴ «እሺ» አለችው።

እሱም ሳህኑን ተቀበለኝ። «ቁርስ በልተሻል?» ብሎ ሙዝ አምጥቶ ሰጠኝ። ከሁሉም ሳህኑን እንደ ሰው የተቀበለን እሱ ብቻ ነው ብዬ ለራሴ አሰብኩ።

ከዚያ ወደ ሕንፃችን ተመለስን። ኤሌቬተሩ ዘጠነኛውን አልፎ ወደ ላይ ወጣ። እትዬ ገነት በሩን በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አድርጋ አየችን፤ ሰንሰለቱን ፈትታ እስክትከፍት ለቅሶዋ ጀምሮ ነበር።

«እማዬን! እማዬን ነው! ወይኔ እናቴን!» ደረቷን እየመታች መሬት ላይ ተዘረፈጠች። ይዲድያ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ጋሽ ዋለ ቤት እናቴ ቶሎ ነበር የተናገረችው። እዚህ ግን ዝም አለች። እትዬ ገነት እናቷን አልቅሳ ወደ ወንድሟ አለፈች፤ ከወንድሟ ወደ እህቷ። «የቱ ናቸው? በማርያም ንገሪኝ፣ አብረኸት!» አሳዘነችኝና «ሳህን እኮ...» ማለት ስጀምር እናቴ አፌን በመዳፏ ከደነችው። ያ ዝምታ ለኔ ማለቂያ አልነበረውም። እናቴን ካደግሁ በኋላ ስጠይቃት «ለኔ አጥሮብኛል» አለችኝ።

«ማንም አልሞተብሽም» አለቻት በስተመጨረሻ።

እትዬ ገነት ቀና አለች። «ምን አልሽ?»

«ያንቺዎቹ ደህና ናቸው። የሞተው የኔ ነው። ንገሪኝ።»

«አንቺ አረመኔ! ልቤን ልታቆሚው ነው? ታውቂያለሽ አይደል፣ ምኑን ልንገርሽ!»

«አላውቅም። ሽንኩርት እየተመዘነልኝ ሰማሁ፤ ያ መርዶ አይደለም። ወንድሞቼ አደራ ያሉት አንቺን ነው። ተነሺና ንገሪኝ።»

«ስትመርጪ አደራ ታውቂ ነበር? ሰማያዊውን ስትከቺ አባባ ክፍሎምን ባዕድ ሀገር ላይ ጥለሻቸው እንደሄድሽ አልታየሽም?»

«መርጫለሁ። ነገም ቢሉኝ ያንኑ እመርጣለሁ። በመረጥኩት ስደቢኝ፣ ተጣዪኝ፣ በርሽን ዝጊብኝ። አባቴን ግን ምን ብለሽ ደበቅሽብኝ?»

እትዬ ገነት ተነሣች። የተበታተነ ፀጉሯን ሰበሰበች፣ ነጠላ ፈልጋ ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ እናቴ ፊት ቆመች። ድምፅዋ ተለወጠ።

«አብረኸት፣ እግዜር ያጽናሽ። አባባ ክፍሎም አርፈዋል።»

እናቴ ያን ጊዜ ወደቀች። እስከዚያ ያጠራቀመችው ሁሉ ወጣ፤ ያ ጩኸት ከሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። የያዝኩት ሳህን ከእጄ አምልጦ ተሰበረ፣ የተቆጣኝ ግን የለም። አያቴ የሞቱት ያን ጠዋት፣ እዚያው ቤት መስሎኝ ስንት ዓመት ኖርኩ።

እትዬ ገነትም እንባዋ መጣ፤ ያሳደጓት ሰው ናቸውና። እናቴ ከወደቀችበት ቀና ብላ ጮኸችባት። «አንቺ እንዳታለቅሺው! አባቴን አንቺ አታለቅሺውም! ፍራሽ አውርጂ። ለቅሶዬን እዚህ ነው የምቀመጠው!»

አወረደች። ምን ታድርግ? ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ከቤት ማስወጣት አይቻል። ሦስት ቀን ሙሉ እናቴ የእትዬ ገነት ሳሎን መሀል ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። ኤርትራውያኑ በአንዱ ግድግዳ፣ የእድሩ ሰዎች በሌላው፤ ሁሉም እያቀረቀሩ መጡ። እትዬ ገነት ሻይ ስትቀዳ፣ ብርጭቆ ስታጥብ፣ ፍራሽ ስታነጥፍ ዋለች። እናቴ «ይሄ ቀዝቅዟል» ብላ ስትመልስባት ሌላ ታመጣለች። እሰይ የኔ እናት! እኔ ግን ያኔ የገባኝ እትዬ ገነት በሐዘናችን ቤቷን የለቀቀችልን ደግ ሴት መሆኗ ነበር። አቶ ሆርዶፋ አልመጣም። እናቴ ከነዚያ ሰዎች ሁሉ እስከ ዛሬ የምታከብረው እሱን ነው።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዋለ ዐይኑን በጨው ታጥቦ ለሽምግልና ተነሣ። «አብራችሁ ያደጋችሁ እህትማማች ናችሁ፤ በቃ፣ ተሳሙና ይለቅ» አለ። ከሁለቱም ግድግዳ «እባክሽ፣ በሟች ነፍስ» የሚል ልመና ወረደባት። እትዬ ገነት እናቴ እግር ላይ ተደፋች። «ይቅር በይኝ፣ አብርዬ። ተናድጄ ነው። ይቅር በይኝ።»

የእናቴ እጅ ቀስ እያለ ሄዶ የእትዬ ገነት ፀጉር ላይ ዐረፈ። አየሁት። ደስ አለኝ። ታርቀው ሃያ ሁለተኛው ፎቅ መመላለስ እንድንጀምር ቸኮልኩና ላግዛት ብዬ ተነሣሁ።

«እማዬ፣ እትዬ ገነት እኮ ትወድሻለች!» አልኩ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ታች ስትጨፍሪ ጋሽ ዋለ ‹ኧረ ነውር ነው፣ ወርደን እንንገራት› ሲል፣ ‹ተዋት፣ ጠግባ ትጨፍር› ያለችው እሷ ናት። ‹ጨፍራ ስትሰማው ነው አንጀቴ የሚርሰው› ብላለች።»

እንዲያ ስትል ፓርቲው እንዳይበላሽባት የተጨነቀች መስሎኝ ነበር። እትዬ ገነት ከእናቴ እግር ላይ ቀና አላለችም። ጋሽ ዋለ ኮፍያውን ፈለገ። እናቴ እጇን ከዚያ ፀጉር ላይ አነሣች።

«ጠግቤ ጨፍሬያለሁ፣ ገነት» አለቻት። «ይቅርታውን ደግሞ አንቺ ጠግበሽ ጠብቂው።»

ነጠላዋን አጣጥፋ፣ እጄን ይዛ ወጣች። በመናገሬ አዝኜ አላውቅም፤ ዛሬም ብጠየቅ ቃል በቃል እደግመዋለሁ።

ባለፈው ወር ይዲድያ ደወለልኝ። እናቱ ሆስፒስ ገብታለች፤ ሐኪሞቹ ቀን ነው የሚቆጥሩላት፤ ሌላ ምንም አትፈልግም፣ አብረኸትን አንዴ ልያት ነው የምትለው። ስልኩን በመዳፌ ከድኜ ሳሎን ገባሁና ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝ። ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች፣ መስኮቱን አየች፣ ወደኔም ዞረች። የሷ ልጅ ነኝ፤ ዐይኗን አይቼ ገባኝ።

«እናቴ ገና አልሰማችም» አልኩት ለይዲድያ።